ሰጠ ወይስ ሸጠ? ስለሚጮኹ ፊደላት

ኢምፓክትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙን የማያውቅ እንኳ መልኩን ያውቀዋል፦ ፎቶው ላይ ከላይ አንድ መስመር፣ ከታች አንድ መስመር፣ ወፍራምና ጠባብ ነጭ ፊደል፣ ዙሪያው በጥቁር የተከበበ። ምስሉ ድመት ሊሆን ይችላል፣ ፖለቲከኛ ሊሆን ይችላል፣ ግራ የገባው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ፊደሉ ግን ያው ነው። ኢንተርኔት ለዓመታት የቀለደው በዚህ አንድ ፎንት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ፊደል ይህን ያህል ወፍሮ፣ ይህን ያህል ተጨናንቆ እንዴት ይነበባል? የኛስ ፊደል ሲወፍር ለምን ይታፈናል? ዩቲዩብ ተምኔል ላይ «ሰበር ዜና» እያለ የሚጮኸውን፣ የፊልም ፖስተር ላይ ያበጠውን፣ የቴሌግራም ቻናል ባነር ላይ በሦስት ቀለም የተከበበውን አማርኛ እስቲ ቆም ብላችሁ እዩት። ጩኸቱ ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን ሁለቴ ካላያችሁ አይገባም። ብዙ ሰው ይህንን «ዲዛይነሮቻችን ሰነፎች ናቸው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ችግሩ ያለው ከዲዛይነሩ በፊት ነው፤ በእጁ ያለው ወፍራም ፊደል እውነተኛ ወፍራም ፊደል አይደለም። ይህን ለማየት ደሞ ኢምፓክት ጥሩ መስታወት ነው።

ኢምፓክትን የሠራው ጄፍሪ ሊ የሚባል የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። እንግሊዝ አገር ሸፊልድ ከተማ የነበረው ስቲፈንሰን ብሌክ የተባለ የብረት ፊደል አምራች እ.ኤ.አ. በ1965 ለገበያ አወጣው። ያኔ ወፍራምና ጠባብ ርዕስ በመጽሔትና በማስታወቂያ ላይ ፋሽን ነበር፤ ሌትራሴት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ኮምፓክታ የሚባል ተመሳሳይ ፊደል አውጥቶ ነበር። የሊ ፍላጎት ግልጽ ነበር፦ በተሰጠው ቦታ ላይ የሚቻለውን ያህል ብዙ ቀለም ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ። መጽሐፍ እንዲጻፍበት አላሰበም። ሥራው መንገደኛን ማስቆም ነው።

ወገኑ ሳንስ ሰሪፍ ከሚባሉት ነው፤ ማለትም የላቲን ፊደላት ጫፍ ላይ የምናያቸው ትናንሽ እግሮች የሉትም። ይህ ወገን ሲወለድም ለርዕስ ነው የተወለደው። ዊልያም ካስሎን አራተኛ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1816 ባወጣው ናሙና ላይ የታየው የመጀመሪያው የሕትመት ሳንስ ሰሪፍ ትልልቅ ፊደላትን ብቻ የያዘ ነበር። ትንሽ ፊደል አልነበረውም። ምን ያደርግለታል? የመጣው ለመጮህ ነው።

አሁን የኢምፓክትን ሆድ እንይ። ሆድ የምለው በፊደሉ ቅርጽ ውስጥ ታጥሮ የሚቀረውን ነጭ ቦታ ነው። ኢምፓክት ላይ ይህ ነጭ ቦታ ስንጥቅ ያክላል። ትንንሾቹ ፊደላት ቁመታቸው ከትልልቆቹ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀራቸውም፤ ከላይ የሚወጣውም ከታች የሚወርደውም ጭራ አጭር ነው። በዚህ ምክንያት መስመር ከመስመር ተጠጋግቶ ሊደረደር ይችላል፤ እንደ ግንብ። ግን ስንጥቋ አልተደፈነችም። እያንዳንዷ ስንጥቅ «ከዚህ በላይ ብጠብ እሞታለሁ» የምትልበት ድንበር ላይ ተይዛ ቆማለች። ወፍራም ፊደል መሥራት ማለት ይሄ ነው፦ ቀለሙን ከመጨመር በፊት ነጩን መቁጠር።

ለምሳሌ ዎርድ ላይ ኢምፓክት መርጣችሁ ቦልድ የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ። ዊንዶውስ ላይ ያለው ኢምፓክት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ የሚወፍር ሌላ ወንድም የለውም። ኮምፒውተሩ ግን እምቢ አይልም። የፊደሉን ጠርዝ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ያሳብጠዋል። ስንጥቋ ትዘጋለች። ኢምፓክት የነበረው በአንድ ጠቅታ ጥቁር ጡብ ይሆናል። ሊ በእጁ የጠበቀውን ድንበር ማሽኑ አያውቀውም።

ይቺን ቁልፍ አስታውሷት፤ የአማርኛ ርዕሶቻችን ታሪክ በአብዛኛው የሷ ታሪክ ነው።

ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ፣ ብዙ ሰነድ የተጻፈበት ፎንት፣ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አቢሲኒካም እንደዚሁ አንድ ነው። እነዚህ ሁለቱ በራሳቸው መጥፎ ፊደላት አይደሉም፤ ለንባብ የተሠሩ ናቸው፣ ለንባብም ያገለግላሉ። ችግሩ የሚመጣው ቦልድ ሲደረጉ ነው። ያኔ የምናየው ማንም ያልሣለውን ፊደል ነው። ሰው አላሰበበትም፤ ሶፍትዌር ነው ያሳበጠው። ላዩ ላይ ደሞ አውትላይን፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ሌላ አውትላይን ይጨመርበታል። ሦስት ጊዜ የታፈነ ፊደል።

ላቲን ላይ ቢሆን ይሄ ብዙም ጉዳት የለውም ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ከፊሉ እውነት ነው። የላቲን አናባቢ ራሱን የቻለ ፊደል ነው። አንድ ቃል ውስጥ የአንዱ ፊደል ሆድ ቢደፈን የቀሩት ፊደላት ቃሉን ተሸክመው ይሄዳሉ። የኛ ግን ተነባቢውም አናባቢውም አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። አናባቢው የሚታወቀው በትንሽ ምልክት ነው፦ በጎን በምትወጣ ቅጥያ፣ እግር ሥር በምትዘረጋ ሰረዝ፣ እግር ጫፍ ላይ በምትንጠለጠል ቀለበት፣ በአንዱ እግር ማጠር ወይም መርዘም። ትልቁ አካል የሚነግረን ተነባቢውን ነው፤ የቀረውን ሁሉ የምትነግረን ያቺ ትንሿ ነገር ናት። ፊደሉ በጭፍን ሲወፍር ደሞ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት።

ኪ እና ኬን ተመልከቱ። ኪ እግሯ ሥር ሰረዝ አላት፤ ኬ እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አላት። የቀለበቷ ሆድ ከተደፈነ ሁለቱም እግራቸው ሥር ጥቁር ጉብታ ያላቸው እኅትማማቾች ይሆናሉ። «ኪስ» እና «ኬስ»። አንዱ ብር የሚቀመጥበት፣ ሌላው ፍርድ ቤት የሚታይ ጉዳይ። ሱ እና ሲ ላይ ደሞ ልዩነቱ የቅጥያዋ ከፍታ ነው፦ የሱ ወገቧ ላይ፣ የሲ እግሯ ሥር። ሁለቱም ቅጥያዎች ወደ ላይና ወደ ታች ሲያብጡ ይቀራረባሉ፤ «ሱስ» እና «ሲስ» በሩቁ አንድ ይመስላሉ። እኅታችሁን ስትጠሩ ስለ ሱስ የምታወሩ መስሎ መታየት አስቂኝ ነው። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

ሰ እና ሸ። የሸ ልዩነት አናቷ ላይ የተጋደመች አንዲት መስመር ናት። በዚህችና በፊደሉ ትከሻ መካከል በግራም በቀኝም ትንሽ ነጭ ቦታ አለ። ያቺ ነጭ ቦታ ስትዘጋ ሸ አናቷ ትንሽ የደነደነ ሰ ትመስላለች። አሁን ይህን ርዕስ አስቡት፦ «መሬቱን ሰጠ»። ወይስ «መሬቱን ሸጠ»? አንደኛው ቸርነት ነው፣ ሁለተኛው ንግድ፤ አንዳንዴም ወንጀል። ስልክ ላይ፣ አውራ ጣት በምታክል ተምኔል፣ ቀይ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል፣ ዙሪያው ጥቁር። ሰውየው ሰጠ ወይስ ሸጠ?

«ከአውዱ ይገባናል» ይባል ይሆናል። አንቀጽ ውስጥ ከሆነ አዎ፣ ይገባናል፤ ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ያርመናል። ርዕስ ግን አውድ የለውም፤ አውዱ ራሱ ነው። የሰው ስም፣ የፊልም ስም፣ የሱቅ ስም ደሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ከዚህ በፊት አይተነው የማናውቀውን ስም ከየት ገምተን እናስተካክለዋለን? እና እንግዲህ የሚገርመው ይሄ ነው፦ በጣም ወፍራም ፊደል የምንጠቀመው ስህተት ጨርሶ የማንፈልግበት ቦታ ላይ ነው።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። ግዕዝ ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል የለውም። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው መጮህ ሲፈልግ ሁሉንም በትልልቁ ይጽፈዋል፤ የኢምፓክት ሚሞች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ጩኸቱ ያኔ ግማሹ ከፎንቱ፣ ግማሹ ከትልልቁ ፊደል ይመጣል። እኛ ያ አማራጭ የለንም። የቀረን መጠን፣ ቀለምና ውፍረት ነው። የድሮ ጸሐፊዎች ይህን በቀለም ፈቱት፤ ብራና ላይ የእግዚአብሔር፣ የማርያምና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ጥቁሩ ብዕር ይቀመጥና ቀዩ ይነሣል። ውፍረትም ያውቁ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቱ ጉልሕና ረቂቅ እየተባለ የተለየው በከንቱ አይደለም። አንድ ፊደል ድምፁን ከፍ የሚያደርግባቸው መንገዶች ጥቂት ሲሆኑ ያሉት መንገዶች በደንብ መሠራት አለባቸው። ለላቲን ወፍራም ፎንት ከብዙ አማራጮች አንዱ ነው፤ ለኛ ግን ከሦስቱ አንዱ።

ታዲያ እነዚያ ጸሐፊዎች ፊደሉ ሲወፍር እንዴት አልታፈነባቸውም? መልሱ መቃ ብዕሩ ውስጥ አለ። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ብዕር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ያወጣል። ስለዚህ ፊደሉ ሲወፍር የሚወፍሩት እግሮቹ ናቸው፤ ሰረዞቹና ቀለበቶቹ ቀጭን ሆነው፣ ሆዳቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ክብደቱን የሚሸከመው እግር ነው፤ ድምፁን የሚናገረው ምልክት ነፃ ነው። ሁለቱ ሥራ ተከፋፍለዋል።

የዛሬው ጭፍን ቦልድ ይህን ክፍፍል ነው የሚያፈርሰው። እግሩንም፣ ሰረዙንም፣ ቀለበቱንም እኩል ያወፍራል። ይባስ ብሎ የኢምፓክትን መልክ ለግዕዝ እንዳለ ለማልበስ የሚሞከርም አለ፦ ሁሉም መስመር እኩል ወፍራም፣ ሁሉም ፊደል እኩል ጠባብ። ለላቲን ይህ ይሠራል፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ፊደላቱ ሁለት ቋሚና መሐላቸው አንድ ስንጥቅ ናቸው። የኛ ጠ ሦስት እግር አላት፤ ሐም እንደዚሁ። መ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ይዛ ነው የምትሄደው። እነዚህን ኢምፓክት በሚጠብበት ልክ ማጥበብ ማለት ሦስት ሰው በአንድ ሰው ወንበር ማስቀመጥ ነው። ከኢምፓክት መውሰድ ያለብን መልኩን አይደለም፤ ነጩን መቁጠሩን ነው።

ሥራው ከባድ መሆኑን መካድ ተገቢ አይመስለኝም። በእንግሊዝኛ ለሚም የሚሆን ጯሂ ፎንት የሚሠራ ሰው 26 ትልልቅ ፊደል፣ 10 አኃዝና ጥቂት ሥርዓተ ነጥብ ከሣለ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ላይ ሊያውለው ይችላል። የኛ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹና ቨ ሳይቆጠሩ። ደንቡም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሱን የሣለ ሰው ሩን ወይም ፉን በዚያው ዘዴ መሣል አይችልም። እያንዳንዷን ለየብቻ ማየት፣ የእያንዳንዷን ሆድ ለየብቻ መለካት ይፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ደሞ መብላት አለበት፤ ፎንት ገዝቶ የመጠቀም ልማድ ደሞ እኛ ጋ ብዙ የለም። «ፎንቱን ላክልኝ» እንባባላለን፣ በቴሌግራም ይላካል፣ አለቀ።

ኢምፓክት ራሱ የነገሠው በቁንጅናው ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ለድረ ገጽ ብሎ በነፃ ካወጣቸው ፎንቶች አንዱ ስለነበር፣ ቀጥሎም ከዊንዶውስ ጋር ስለተሠራጨ ነው። ሚም ሠሪው ሲፈልግ ያገኘው ወፍራም ፊደል እሱ ነበር። ማንም ሰው ጋ ስላለ ሁሉም ተጠቀመው። ሁሉም ስለተጠቀመው የቀልድ ድምፅ ሆነ። ዛሬ ደሞ አርጅቶ፣ ሰው ኢምፓክት የሚጠቀመው «የድሮ ሚም» ለማለት ሆኗል። ማስታወቂያ ሊሸጥ የተወለደ ፊደል በሃምሳ ዓመቱ የራሱ ቀልድ ሆነ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኝ ፊደል መጀመሪያ ሰው እጅ ላይ መገኘት አለበት።

በዚህ በኩል እኛም ባዶ አይደለንም። ጉግል ያሠራው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፤ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ጠበብ ያለም አለው። ወፍራሙ የተሣለ ወፍራም እንጂ ያበጠ አይደለም። የምልክቶቹ ነጭ ቦታ ታስቦበታል። ዛሬ ፖስተር የሚሠራ ወጣት ኒያላን ቦልድ ከሚያደርግ ይህን ቢያወርድ አንድ ትልቅ እርምጃ ሄደ ማለት ነው። ግን ኖቶ የተሠራው የዓለም ፊደላት ሁሉ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲስማሙ ነው። ጨዋ ፊደል ነው። የአየር ማረፊያ አስተናጋጅ ይመስላል፦ ትሑት፣ ግልጽ፣ ከየትም ያልሆነ። ሙዚቃ አልበም ሽፋን ላይ፣ ቲያትር ፖስተር ላይ፣ ሰልፍ ላይ በሚያዝ ካርቶን ላይ የምንፈልገው ድምፅ እሱ አይደለም። እዚያ የሚያስፈልገን እንደ ኢምፓክት ያለ እፍረት የሌለው ግን የራሳችን የሆነ ጯሂ ነው፤ እግሩ የከበደ፣ ቀለበቱ የተከፈተ።

ይህ የዲዛይነሮች የውስጥ ጨዋታ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ይመልከት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚለጠፉ የኮንሰርት፣ የባዛር፣ የካፌ ማስታወቂያዎችን ልብ በሉ። ዝግጅቱ አማርኛ ነው፣ ታዳሚው አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ የዝግጅቱ ስም ራሱ የአማርኛ ቃል ነው። ስሙ ግን በላቲን ፊደል፣ ወፍራም፣ ግዙፍ ሆኖ ይጻፋል። ግዕዙ ከታች በትንሹ ይመጣል፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ የመግቢያ ዋጋ። ከመጣም ነው። ለዲዛይነሩ «ለምን?» ብትሉት «በአማርኛ አያምርም» ይላችኋል። ውሸቱን አይደለም፤ በእጁ ያለው ያበጠ አማርኛ እውነትም አያምርም። ስለዚህ ድምፁን ለላቲን፣ ደረሰኙን ለግዕዝ ሰጠ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ክፍፍል ነው። ርዕስ የማይጻፍበት ፊደል ቀስ በቀስ የማስገደጃ ፊደል ይሆናል፦ የቅጽ፣ የማሳሰቢያ፣ «እዚህ ማጨስ ክልክል ነው» የሚባልበት። ደስታ፣ ዘፈን፣ ቀልድ፣ ፍቅር በሌላ ፊደል ይጮኻሉ። ማንም አዋጅ አላወጀበትም፤ የመሣሪያ እጥረት ብቻ ጣዕም መስሎን ለመድነው። «አማርኛ ለርዕስ አይሆንም» የሚለው እንግዲህ የፊደሉ ጠባይ አይደለም፤ ያልተሠራ ሥራ ነው።

እስከዚያው እጃችን ላይ ያለውን ማሻሻል እንችላለን። ፎንቱ የተሣለ ወፍራም ከሌለው ቦልድን አትንኳት፤ ፊደሉን አተልቁት፤ ወይም እንደ ብራና ጸሐፊው ቀለሙን ለውጡ። አውትላይን ካስፈለገ ከጠርዙ ውጭ ብቻ እንዲሄድ አድርጉት፤ ወደ ውስጥ የሚገባ አውትላይን የቀለበቷን ሆድ ይበላል። መስመሮቹን እንደ ኢምፓክት አታጠጋጉ፤ የሸ አናት አየር ይፈልጋል። አንድ ፖስተር ላይ ሁሉንም ነገር ወፍራም አታድርጉት፤ ሁሉም ሲጮህ ገበያ ነው። ደሞ ፎንት ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ ክፈሉት።

አዲስ የግዕዝ ጯሂ ፎንት ሠራሁ ለሚል ሰው ደሞ መፈተኛ አለኝ። ሦስት ጥንድ ቃላት በወፍራሙ ይጻፍ፦ ኪስ እና ኬስ፣ ሱስ እና ሲስ፣ ሰጠ እና ሸጠ። አውራ ጣት እስክታክል ይነስ። ስልኩ ለአንድ አማርኛ አንባቢ፣ በተለይ ዓይኑ ደከም ላለ ሰው፣ ክንድ ርቀት ላይ ይሰጠው። ስድስቱንም ሳያመነታ ካነበባቸው ፎንቱ ይጮኻል፤ የሚለውም ይሰማል። አንዷ ላይ ካመነታ ግን ሣዩ ይመለስና ነጩን እንደገና ይቁጠር።